የባንኩ የውሸት መስኮት

ፒትመርዲ ውስጥ ባንክ የሚባል አገልግሎት ከጠፋ ቆይቷል፤ ባንኩ ግን አለ። ገንዘቡ ሄደ፣ ሠራተኞቹ ሄዱ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው የገንዘብ ማሽን እንኳ ተነቅሎ ሄደ። አራቱ ዓምዶች ግን የዋናውን መንገድ ግማሽ ይዘው ዛሬም ተገትረዋል። የክር ሱቄ ፊት ለፊቱ ስለሆነ ዕድሜዬን በሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። እንደ እኔ ያየው ሰው የለም፣ እንደ እኔ የተናደደበትም የለም፤ ከሰዓት በኋላ ብልጭ የምትለዋን ትንሽ ፀሐይ የሚጋርደኝ እሱ ነውና።

ያሠራው አርኪባልድ ዳልግሊሽ የሚባል የከተማችን ሹም ነበር። ከእኛ ወዲያ ያለችው ካርንብሮዲ ሁለት ዓምድ ያለው ባንክ ሠራች ሲሉት «እንግዲያው ለኛ አራት ይሁን» አለ። ዓምዶቹ ከላያቸው የተሸከሙት ርግብ ማደሪያ ብቻ ነው። የድሮ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ከነእርጥብ ቦት ጫማው በዚያ መሀል እየገባ፣ ቤተ መቅደስ የገባ ይመስል ቆቡን ያወልቅ ነበር አሉ። ዳልግሊሽ ይህም አልበቃው ብሎ በሩ አናት ላይ የገዛ ጭንቅላቱን በድንጋይ አስቀረጸ፦ ጢም እስከ አንገት፣ ከጢሙ በላይ ደግሞ አፍንጫ። ስለ አፍንጫው ብዙ አልልም። ትልቅ የባሕር ወፍ ተቀምጦበት ቦታ ይተርፈዋል።

ፎቁ ላይ ሰባት መስኮቶች አሉ። ስድስቱ መስኮት ናቸው። በግራ ዳር ያለው ግን መስኮት አይደለም። ከጀርባው የጭስ መውጫው ስላለ መክፈት አልተቻለም፤ ከኤዲንብራ የመጣው አርክቴክትም ሕንፃው አንድ ዓይና እንዳይመስልበት ዙሪያውን እንደ ሌሎቹ በጥርብ ድንጋይ አስውቦ፣ መሀሉን በግንብ ደፍኖ፣ መስታወቱን በጥቁር ቀለም፣ ክፈፉን በነጭ አስቀባው። በኛ አገር እንዲህ ያለ መስኮት ሞልቷል። ዓይን ይታለላል፣ ሕንፃው ይስተካከላል፣ ማንም ቅር አይለውም።

ያንን መስኮት የሚቀባው ዋቲ ጋወንስ ነው። ከሱ በፊት አባቱ ነበሩ። የዋቲ ሥራ የሱቅና የጀልባ ስም መጻፍ ነበር፤ የሱቄን ስም የጻፈልኝም እሱ ነው። ባንኩ ሲዘጋ የሥራ አስኪያጁ መኖሪያ የነበረውን ፎቅ ተከራይቶ ገባበት፤ ብቻውን። አላገባም። ለምን እንዳላገባ አልጠየቅሁትም። ፒትመርዲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከባለቤቱ አይጠየቅም፣ ከጎረቤት ይሰማል እንጂ። እሱም እኔን ለምን ባል እንዳላገባሁ ጠይቆኝ አያውቅም። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከላይ ከመስኮቱ እጁን ያነሣልኛል፤ እኔም የሻይ ስኒዬን አነሣለሁ። እንዲህ ሳንጠያየቅ አረጀን።

ነገሩ የተጀመረው በአጃ ገንፎ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ዋቲ ድስቱን ጥዶ ጋዜጣ ሊገዛ ወረደና ከዓሣ ሻጩ ጋር ስለ ነፋስ ወሬ ያዘ። ነፋስ በኛ ከተማ ሰፊ ርዕስ ነው። ገንፎው አረረ፣ ጭሱ በአሮጌው መውጫ ገብቶ መንገድ ሲያጣ በግንቡ ስንጥቅ ወጣ። ከውሸቱ መስኮት እውነተኛ ጭስ ሲትጎለጎል በዓይኔ አየሁ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ዋቲ እጁ ላይ ጋዜጣውን እንደያዘ በኀፍረት ቀላ። ጎልማሳ ቢሆን ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። ሰማንያን ላለፈ ሰው ግን ገንፎ ማሳረር እንደ ወንጀል ይቆጠራል፤ አውራጃው አረጋውያንን የምትመለከት ሠራተኛ ላከ።

ወይዘሪት ታውስ ትባላለች። ቀጭን፣ ትሑት፣ የዝናብ ጃኬቷን እስከ አገጯ የምትቆልፍ ልጅ ናት። ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀልለን ነበር። ከአውቶቡስ ወርዳ የባንኩን የጎን በር ከፈተች፣ ጠመዝማዛውን የድንጋይ ደረጃ አየችና ተመልሳ መንገዱ መሀል ቆመች።

«አቶ ጋወንስ!» ብላ ወደ ላይ ተጣራች። «መውጣት አልችልም! ደረጃዎ የእጅ መደገፊያ የለውም። እንዲህ ባለ ደረጃ እንዳንወጣ መሥሪያ ቤታችን ከልክሎናል!»

ዋቲ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ታዲያ መደገፊያ አስገቡልኛ!»

«አይቻልም! ታሪካዊ ሕንፃ ነው፣ ምስማር አይመታበትም!»

«እንግዲያው እኔ ልውረድ?»

«ኧረ በፍጹም! በዚህ ዕድሜዎ መደገፊያ በሌለው ደረጃ!»

ስለዚህ ጉብኝቱ ከመንገድ ላይ ሆነ። ሙሉ ከተማው እየሰማ እንቅልፉን፣ ጉልበቱን፣ ሽንቱን ሳይቀር ጠየቀችው። ዋቲ የሚመልሰውን መለሰ፣ የማይመለሰውን ሳል ሸፈነው። በመጨረሻ ዋናውን ጉዳይ አመጣችው።

«ብቻዎን ነው የሚኖሩት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«አየህ... ይቅርታ፣ አዩ፣ አብሮዎት የሚኖር ሰው ቢኖር ምንም ችግር አልነበረም። ብቻዎን ከሆኑ ግን ብርዱ ሳይገባ ካርንብሮዲ ያለው የአረጋውያን ቤት ቦታ እንይዝልዎታለን።»

የፒትመርዲ ሰው ካርንብሮዲ የሚሄደው ጥርስ ለማስነቀል ነው። ሊሞት አይሄድም። ዋቲ መስኮቱን ዘጋው።

በማግስቱ ሱቄ መጣና ከክሩ መደርደሪያ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እዚያ መስኮቶቹ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው የሚከፈቱት፤ እዚህ ከጓዳው ባሕሩን አያለሁ» አለኝ። አንጀቴን በላው። እኔ እመጣለሁ፣ አብሬህ እኖራለሁ፣ ከሱቅ ጓሮ ካለችው ክፍሌ የምመኘው የለኝም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ሻይ ልቅዳልህ?» አልኩት። እኛ እንዲህ ነን። ልባችን ሲሞላ ሻይ እንጥዳለን።

በሚቀጥለው እሑድ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሳለን ዋቲ ቀረ። ከጸሎት ወጥተን ወደ ዋናው መንገድ ስንታጠፍ ከባንኩ ግራ ዳር መስኮት አንዲት ሴት ታየናለች።

ተቀምጣለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች። ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች፤ ሹራቡን ወዲያው አወቅሁት፣ እኔ ሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለው ነው፣ አዝራሩ ሳይቀር። ፊቷን ግን... ዋቲ ዕድሜውን ሁሉ ፊደል እንጂ ፊት ሥሎ አያውቅም። ሊገለብጥ የሚችለው አጠገቡ ያለው ፊት አንድ ብቻ ነበር፤ በሩ አናት ላይ ያለው የአርኪባልድ ዳልግሊሽ። ጢሙን ትቶ፣ ፀጉሩን አስረዝሞ፣ የቀረውን እንዳለ አስቀመጠው። አፍንጫውም እንዳለ ቀረ።

እውነቱን ልናገር፦ ቀለም መሆኗን እያወቅሁ ቆሽቴ አረረ። አርባ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬለት፣ ሴት ሲያስፈልገው የድንጋይ ሽማግሌ መላጨት! ሹራቤን አልብሶ!

ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። የሳቀ የለም። የፒትመርዲ ሰው ያልገባውን ነገር ሲያይ ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል፤ ሌላውም እንዲሁ ስለሚጠብቅ ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ነው ወደ ምሳ የምንሄደው። ዝምታውን የሰበረችው ወይዘሪት ዩፌሚያ ዳልግሊሽ ናት። የባለ ድንጋዩ ጭንቅላት የልጅ ልጅ ልጅ ስትሆን፣ ፓስፖርት ሳትይዝ በአፍንጫዋ ብቻ ድንበር የምትሻገር ሴትዮ ናት። መነጽሯን አደረገች፣ ወደ ላይ አየች፣ ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች።

«የኛ ናት» አለች።

«ምኗ ነው የናንተ?» አልኩ።

«አፍንጫዋን አታዪም እንዴ? የአጎቴ ልጅ ግሪዘል ናት። ኒውዚላንድ ሄዳ ቀርታ ነበር። እኔ ጋ ሳትመጣ እዚህ ማረፏ ገርሞኛል፤ ግሪዘል ግን ከልጅነቷም እልኸኛ ናት።»

«ወይዘሪት ዳልግሊሽ፣ ቀለም እኮ ናት!»

«ዳልግሊሾች ሁላችንም ገርጣ እንላለን፣ ኤልስፔት» አለችኝና ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች። ከኋላዋ የነበሩትም ባርኔጣቸውን አነሡ። እሷ ዘመዴ ናት ካለች ቀለም ናት ብሎ መከራከር ነውር ነዋ።

ወይዘሪት ታውስ በመጣች ጊዜ ሱቄ በሰው ተሞልቶ ነበር። ክር የገዛ የለም፤ ሁሉም የመጣው ሊሰማ ነው። ልጅቷ ጃኬቷን እያራገፈች፣ «ላይ ያሉት ሴትዮ ማን ናቸው?» አለችኝ።

ልዋሽ አልፈለግሁም። «ግሪዘል ይሏታል» አልኩ። እውነት ነው፣ ይሏታል።

«ከአቶ ጋወንስ ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ከዚያ ግድግዳ ወዲህ ወዲያ ስትል አላየኋትም።»

«እጄን ሳውለበልብላቸው አልመለሱልኝም።»

«ዳልግሊሽ ናት» አለ ዓሣ ሻጩ ከኋላ።

«አሃ» አለች ልጅቷ፤ በቂ ሆነላት። ካርንብሮዲ የተያዘው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዋቲ በዚያን ቀን ከመስኮቱ በሁለት እጁ ሰላም አለኝ። እኔ ስኒዬን አላነሣሁም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ተናድጄም ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ስኒ ማንሣት አቃተኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ከተማ ግን እያደር የጠራው ውሸቱ ነው። መጀመሪያ ዋቲን ለማዳን ብለው ያወሩ ሰዎች ቆይተው ወሬውን ወደዱት። ግሪዘል ለምን ቤተ ክርስቲያን አትመጣም? ለምን ከኔ ሱቅ ክር አትገዛም፣ ተጣልተናል ወይ? ፓስተሩ ስለ ትዕቢት ሲሰብክ ዓይኑን ወደ ባንኩ አቅጣጫ ወረወረ። የሴቶች ማኅበራችን ደግሞ በዓመታዊ ስብሰባው ሊቀመንበር ሲመርጥ ወይዘሪት ዳልግሊሽ ግሪዘልን ጠቆመች። አንድም ጠላት ስላልነበራት በሙሉ ድምፅ ተመረጠች። ከሷ በፊት ሊቀመንበሯ እኔ ነበርኩ። ከሁለት ስብሰባ በኋላ የዓሣ ሻጩ ሚስት መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «ቅር እንዳይልሽ ኤልስፔት፣ ስብሰባው አሁን ቶሎ ነው የሚያልቀው» አለችኝ።

መከር ገባ፣ ጭጋጉ ከባሕር መምጣት ጀመረ፣ ሰውም ማጉረምረም ጀመረ። ያቺ ሴት በስስ ሹራብ በመስኮት ተቀምጣ ሳንባዋን ልትመታ ነው! ዋቲ ምን አይነት ሰው ነው! ዋቲ ሰው ክፉ እንዲለው አይወድም። ረጅም መሰላሉን አውጥቶ ካፖርት ሊቀባላት ተነሣ። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ፣ ነፋሱ እየገፋኝ፣ ከታች እየተሳደብኩ።

«ውረድ፣ አንተ ሽማግሌ! አንገትህን ልትሰብር ነው!»

«ሁለተኛው አዝራር ቀርቶኛል!»

«በአዝራር ሞተ እንዲሉህ ነው?»

«ኤልስፔት፣ አታወዛውዥኝ!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ብቻውን መኖር ያሰጋዋል የተባለ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ለማስመስከር መሰላል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ለግድግዳ ኮሌታ ይሠራል። እኔ ደግሞ የቀናሁባትን ሴት እንዳይበርዳት እይዝላታለሁ። ካፖርቱ ግን ያምር ነበር። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ኮሌታው ጠጉር። ለኔ እንዲህ ያለ ካፖርት ማንም ገዝቶልኝ አያውቅም።

ከዚያ ወይዘሪት ታውስ ፊቷን አጨፍግጋ መጣች። ሱቄ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ዋቲም አይቷት ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። ወይዘሪት ዳልግሊሽም ክር የምትመርጥ መስላ እዚያው ነበረች።

«አቶ ጋወንስ፣ እርስዎ ግሩም ነዎት» አለች ልጅቷ። «ባለፈው ከአውቶቡሱ ሆኜ መሰላል ላይ አይቼዎታለሁ። የጎረምሳ ጤና ነው ያለዎት። ያሳሰቡኝ ሴትዮዋ ናቸው።»

«እሷ ምን ሆነች?» አለ ዋቲ።

«ምን ሆነች ይላሉ? ከበጋ ጀምሮ ከዚያ ወንበር ተነሥተው አላየሁም! አይናገሩም፣ እጅ አይመልሱም፣ ካፖርት እንኳ ያለበሷቸው እርስዎ ነዎት። እኚህ ሴት ከባድ እንክብካቤ ነው የሚያስፈልጋቸው። ካርንብሮዲ ቦታ አግኝቼላቸዋለሁ። ደስ የሚለው ደግሞ ክፍሉ የሁለት ሰው ነው፤ አልለያያችሁም፣ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።»

ልጅቷ ይህን ያህል መልካም ነገር አድርጋ እንዴት ፈገግ የሚልላት እንደጠፋ ግራ ገባት።

«ሐሙስ ራሴ መጥቼ አያቸዋለሁ» አለች። «በደረጃው ለመውጣት ልዩ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ከነራስ ቁሩ።»

ከሄደች በኋላ ዋቲ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ፊቱ ያን ግድግዳ መሰለ። «ዛሬውኑ ፍቄ አጠፋታለሁ» አለ።

«ከዚያስ? ሴትዮዋን የት አደረስክ ቢሉህ? ሊቀመንበር ጠፋች ተብሎ እኮ ፖሊስ ነው የሚመጣው!»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

ዘወር አልኩና፣ «ወይዘሪት ዳልግሊሽ» አልኩ። «ሐሙስ ወጥተው እሳቱ ዳር ይቀመጡ። አፍንጫው የርስዎ ነው፣ ሌላ የሚመስላት የለም።»

የያዘችውን ክር ጣለችው። «እኔ? ከወንድ ቤት? ያላገባሁ ሴት!»

«እኔስ ያገባሁ ነኝ?»

«አንቺማ ባለ ሱቅ ነሽ» አለችኝ፣ እሱ የሚያስተካክለው ይመስል።

ዋቲ ቀና ብሎ አየኝ። አልለመነኝም፤ መለመን አያውቅበትም። ቆቡን ብቻ በእጁ ያሽከረክራል። «ያው ሹራቡ የሱቅሽ ነው...» አለ ቀስ ብሎ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ዘጋሁ። እናቴ የሞተች ቀን እንኳ እስከ ቀትር ከፍቼ ነበር። ጠመዝማዛውን ደረጃ በግድግዳው እየተደገፍኩ ወጣሁ። ያን ሁሉ ዘመን ከታች ያየሁት ቤት ውስጥ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ዙሪያው በኖራ የተሠራ የወይን ዘለላ፤ ከዚያ በታች አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሹካ። ለኔ ወንበር ከጓዳ አመጣ። በጓዳው በር ባሕሩ ይታያል፤ ግራጫ፣ ሰፊ፣ ጀልባ የሌለበት። ለምን ካርንብሮዲ መሄድ ሞት እንደሆነበት ያኔ ገባኝ። ከሱቄ የሚታየኝ ይህ ሕንፃ ብቻ ነበርና፣ ከጀርባው ይህን ያህል ባሕር መኖሩን እያወቅሁ ረስቼው ኖሬያለሁ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ። «ጢስ ነው» አልኩት።

ወይዘሪት ታውስ ቢጫ የራስ ቁር ደፍታ፣ ወገቧ ላይ ገመድ ታስሮ፣ የገመዱን ጫፍ የአውቶቡሱ ሾፌር ከታች ይዞላት ደረሰች። ላብ በላብ ሆናለች። እኔ ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ እሳቱ ዳር ተቀምጫለሁ። ባለ ሱቅን ከሱቁ ውጭ ማን ያውቀዋል፤ ልጅቷም አልለየችኝም።

«ወይዘሪት ግሪዘል፣ ይሰሙኛል?» ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

«ካርንብሮዲ ያሉትም ሰምተውሻል» አልኩ።

ደነገጠች። «ይናገራሉ!»

«ሲናገሩኝ።»

«መነሣት ይችላሉ?» ተነሣሁ። «መራመድስ?» ተራመድኩ። «እጅዎን ያንሡልኝ?» አነሣሁ። በደስታ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሕሙማን ሲድኑ ያየች መሰላት። ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ስታይ ፊቷ ተቀየረ።

«መስኮቱስ?» አለች። «ሁልጊዜ የሚቀመጡበት በግራ በኩል ያለው መስኮት... የታል? እዚህ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው።»

ዋቲ ጣቶቹን አየ፤ ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ ቀለም አለ። አበቃልን አልኩ በሆዴ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ታሪካዊ ሕንፃ ነው» አልኳት።

«አዎ፣ አዎ፣ ይቅርታ» አለች ወዲያው፣ ራሷን እየነቀነቀች። ሌላ አልጠየቀችም። ወደ በሩ ስትሄድ ግን ዞር አለችና፣ «ከሩቁ ይልቅ ከቅርብ በጣም ያምራሉ። አፍንጫዎ ከመንገድ ሲታይ ትንሽ...» ብላ አቆመች።

«መስታወቱ ነው የሚያጎላው።»

«ይኖሩ፣ እዚሁ ይኖሩ» አለች ከደረጃው እየወረደች። «በየወሩ መጥቼ ግን አያችኋለሁ! ሁለታችሁንም!»

በየወሩ መጣች፣ ከነራስ ቁሯ። መጀመሪያ ለዚያ ቀን ብቻ ወጥቼ እወርድ ነበር። ኋላ ሳታስታውቅ ብትመጣስ ብዬ ዋዜማውን ማደር ጀመርኩ። ኋላ ብርዱ ጠና፣ ደረጃው ጉልበቴን በላው፣ የሱቄ ጓሮ ክፍል ቧንቧ ፈነዳ። ዋቲ ሁለተኛ ሹካ ገዛ። እንዲህ ነው ባንክ ቤት የገባሁት፤ የጠየቀኝም የለ፣ እሺ ያልኩትም የለ።

የመጀመሪያ ትእዛዜ መሰላሉን ማስወጣት ነበር። ለዓሣ ሻጩ ሰጠሁት። «ከእንግዲህ ለዚያች ሴት ብለህ እግርህ መሬት አይለቅም» አልኩት። እሱም ሳይከራከር እሺ አለ።

ያልታሰበበት ነገር የመጣው በሐምሌ ነው። በኛ አገር ሙቀት የሚባለው በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ያን ሰሞን ፀሐይዋ የባንኩን ፊት ስትመታው ዋለች። መስኮቱ ላይ ያለችው ግሪዘል ግን አረንጓዴ ካፖርቷን እንደለበሰች ናት። ከነጠጉሩ፣ ከነአዝራሩ። ሱቄ የሚገባው ሰው በርበሬ እንደበላ እየነፋ ያየኛል። በመጨረሻ ወይዘሪት ዳልግሊሽ መጣች፤ ከኋላዋ የሴቶች ማኅበሩ ግማሽ አለ።

«ኤልስፔት፣ ዋቲ ሁለት ሴት ማስቀመጡን እንደ ክርስቲያን በዝምታ አልፈነዋል» አለች። «ጭካኔ ግን አንችልም። ያቺን ምስኪን በዚህ ፀሐይ በካፖርት ጥደሻታል! አንቺ ከገባሽ ወዲህ ልብስ አልተቀየረላትም!»

«ቀለም ናት!» ብዬ ጮኽኩ። «ስሚኝ ዩፌሚያ፣ ስሙኝ ሁላችሁም! ግድግዳ ላይ ያለች ቀለም ናት! ልጅቷ በየወሩ ስትመጣ ግሪዘል የምባለው እኔ ነኝ! እኔ!»

አንዷ ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች፤ ሌላዋ የክር መደርደሪያውን አየች። ወይዘሪት ዳልግሊሽ ጓንቷን ጣት በጣት እየጎተተች አደረገች።

«ቅናት ለማንም አያምርም» አለችኝ። «በኛ ዕድሜ ደግሞ ጭራሽ አያምርም።» ወጡ። መንገዱን ሲሻገሩ ሁሉም ቀና ብለው ለግሪዘል እጃቸውን አነሡላት።

ሱቁን ዘግቼ ደረጃውን እየተሳደብኩ ወጣሁ። ዋቲ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ገንፎ ያማስላል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ቀናተኛ መባሌን፣ ጨካኝ መባሌን፣ ሁለተኛ ሴት መባሌን። «ሰላም የሚሉት እሷን ነው» አልኩት። «እኔን ማን ያየኛል? እዚህ መኖሬን የሚያውቅ ሰው አለ?» አፍሬ ፊቴን አዞርኩ።

ማማሰያውን ይዞ ብዙ ቆመ። እንዲህ ሲሆን ቃል እየፈለገ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የጀልባ ስም ሲጽፍም እንዲህ ነበር።

«ተያት» አለ በመጨረሻ። «እሷ ነፋስና ዝናብ ላይ ናት። አንቺ እሳቱ ዳር ነሽ።»

ዋቲ ከዚህ የረዘመ ነገር ስለ ልቡ ተናግሮ አያውቅም፤ የሚናገርም አይመስለኝም። ማማሰያውን ከእጁ ወስጄ ድስቱን አወረድኩት፤ ገንፎው ሊያር ነበር።